አባቴ ለቤዝቦል መቺዎች የሰጡት ደረጃ

አባቴ ቤዝቦል የሚያዩት ፈተና እንደሚያርም ሰው ነው። ሶፋው ላይ አይንጋለሉም፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቀጥ ብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብተራቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ይቀመጣሉ። መቺው በዱላ የመታት ኳስ ከሜዳው ወጥታ ተመልካች መሀል ስትወድቅ እኔና ልጄ ብድግ እንላለን፤ እሳቸው ቀና ብለው ያያሉ፣ ጎንበስ ብለው ይጽፋሉ። ምን እንደሚጽፉ ለብዙ ዓመት ጠይቄያቸው አላውቅም። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ይፈልጋል ብዬ ትቼው ነበር።

አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምረዋል። ወደ አሜሪካ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያገኙት ሥራ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነበር፤ መግቢያው ላይ ካለች የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ትኬት ይሰጣሉ። አብረዋቸው የሚሠሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሬዲዮናቸውን ከጨዋታ ላይ አያነሱም ነበርና፣ አባቴ ሳይወዱ በግድ ቤዝቦል መስማት ጀመሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌው አንድ መቺ እያደነቁ፣ ይህ ሰው ከአሥር ጊዜ ሦስቱን ይመታል አሏቸው። አባቴ ያልሰሙ መስሏቸው ደግመው ጠየቁ። ሦስት ከአሥር። ሠላሳ ከመቶ። እኛ ትምህርት ቤት ሠላሳ ከመቶ ያመጣ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል፣ ክፍልም ይደግማል። እዚህ ሰውዬው በሚሊዮን ሰው ይጨበጨብለታል። ያን ቀን ደውለው የነገሩኝ ይህን ብቻ ነበር፤ ሥራው እንዴት ነው ብላቸው ጆሮም አልሰጡኝም።

ነገሩ ግን ከነከናቸው። ሠላሳ ያመጣ ሰው ጎበዝ ከተባለ ፈተናው ከባድ ነው ማለት ነው። የፈተናውን ክብደት ለማወቅ ደግሞ ሌላው ተማሪ ስንት እንዳመጣ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አባቴ የሚያውቁትን ሥራ ሠሩ፤ ሮስተር አወጡ። አገር ቤት የተማረ ሰው ሁሉ ሮስተርን ያውቃል፤ የክፍሉ ተማሪ ውጤት በአንድ ሰፊ ወረቀት ተደርድሮ፣ ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ መጨረሻው ዓምድ ላይ ደረጃ የሚጻፍበት ነው። በየቀኑ በጋዜጣው ላይ የምትወጣውን የጥቃቅን ቁጥሮች ሰንጠረዥ እያዩ፣ የመቺዎቹን ምት አንድ በአንድ ቆጥረው ደብተር ላይ አሰፈሩ። ጋዜጠኛው የጻፈውን አያነቡም። በሌላ ሰው ድምርም አያምኑም።

በአባቴ ሮስተር ላይ እኔም ነበርኩ። ሰባተኛ ክፍል የክፍል ኃላፊዬ እሳቸው ነበሩ፤ በግማሽ ነጥብ ሁለተኛ ወጣሁ። በግማሽ! አንደኛ የወጣችው ልጅ ጎረቤታችን ስለነበረች ክረምቱን ሙሉ በራችን ላይ ስትንጎራደድ ማየት ነበረብኝ። ተሳስተው ይሆናል ብዬ አለቀስኩ፤ ሦስት ጊዜ እየደመሩ አሳዩኝ፣ ሦስቴም ያው ወጣ። አባቴ ሮስተር ላይ አይሳሳቱም፤ ርእሰ መምህሩ የሌሎች መምህራንን ሮስተር ሳይቀር ለእሳቸው ነበር የሚያስመረምሩት። ካርዴ ላይ የክፍል ኃላፊ በሚፈርምበት ቦታ ፈረሙ፣ ዝቅ ብሎ ወላጅ በሚፈርምበት ቦታም ፈረሙ፤ አንድ ዓይነት ፊርማ፣ በአንድ እስክሪብቶ። አስተያየት በሚለው መስመር ላይ «በርቺ» ብለው ጻፉ፣ ሌላ ምንም የለም። ዛሬ ከሃምሳ በላይ ነኝ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ መታጠፊያ፣ አንድ የአውራ ጎዳና መውጫ አልፎኝ አያውቅም። ያቺ ግማሽ ነጥብ ግን እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደችም።

የደብተሩን ምሥጢር ያገኘችው ልጄ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል የሚባለውን የሴቶች ቤዝቦል ትጫወታለች፤ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አባቴ አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት አካባቢ፣ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉና እሑድ እሑድ ምሳ ይዘን እንሄዳለን። አንድ እሑድ ከስልኳ ላይ የጥንት መቺዎችን ውጤት አውጥታ አያቷን ያዘቻቸው። የድሮዎቹ ከዛሬዎቹ እጅግ የበለጠ ይመቱ ነበር፤ እንግዲህ ጨዋታው ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው ወይ አለቻቸው።

አባቴ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ወንበራቸውን አስጠጉ። የድሮ ወርዋሪ ኳሷን ለመቺዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ይወረውራል፣ ይደክማል፤ የዛሬው መቺ ፊት ግን በየሰዓቱ ትኩስ ጉልበት ያለው አዲስ ወርዋሪ ይቆማል። አንድ ዘመን ቀላል ፈተና ይሰጣል፣ ሌላው ከባድ። በአሥራ አንደኛ ክፍል ሰባ ያመጣና በሦስተኛ ክፍል ዘጠና ያመጣ ልጅ በነጥብ አይወዳደሩም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ከክፍልህ ልጆች ስንተኛ ወጣህ?

ልጄ በሕይወቷ ደረጃ የተጻፈበት ካርድ አይታ አታውቅም። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ለብቻው ኤ ያገኝና ለብቻው ደስ ይለዋል። ለመቺ ካርድ መስጠት የሚለው ሐሳብ አሳበዳት። የአያቷን የትምህርት ቤት ካርድ ዓይነት በኮምፒውተር ሠርታ በወፍራም ወረቀት አሳተመች፤ አማካይ ውጤት፣ ደረጃ፣ ከስንት ተማሪ፣ የቀረበት ቀን፣ ጠባይ፣ የክፍል ኃላፊ አስተያየት፣ ፊርማ። እሑድ እሑድ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሞላሉ። እግሩን ታሞ ወር የጠፋ መቺ፣ የቀረበት ቀን ይጻፍበታል። ተናዶ ዱላውን መሬት ላይ የሰበረው ደግሞ በጠባይ ሲ ተሰጠው፤ አስተያየቱ ላይ «የትምህርት ቤቱን ንብረት ይንከባከብ» ተባለ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ሳቃቸውን እሰማለሁ። በአንድ ቋንቋ አሥር ደቂቃ ማውራት የማይችሉ አያትና የልጅ ልጅ ሦስት ሰዓት ሲጨዋወቱ ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ትንሽም ቀናሁ።

ጥቁር ተጫዋቾች ከነጮቹ ጋር እንዳይጫወቱ በር ተዘግቶባቸው የነበረበት ዘመን ላይ ሲደርሱ ግን አባቴ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ልጄ የዘመኑን አንደኛ ይጻፉ እንጂ ብትላቸው እምቢ አሉ። ግማሹ ተማሪ ከግቢ ውጭ ቆሞ የተፈተነ ክፍል ነው፤ አንደኛው ከስንት አንደኛ ተብሎ ይጻፋል? በዚያ ዘመን ካርዶች ሁሉ ላይ፣ ደረጃ በሚለው ፊት ለፊት፣ «ክፍሉ ስላልተሟላ ደረጃ አልተሰጠም» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ልጄ አንድ ነገር አደረገች፣ ሳትጠይቀኝ። ሠፈራችን ባለው ላይብረሪ ወር በወር የሚሰበሰቡ የቤዝቦል ወዳጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ሰው አንድ መቺና አንድ ዓመት ይዞ ቀርቦ፣ ከዘመናት ሁሉ የኔ ይበልጣል ብሎ ይከራከራል። የአያቷን ስም አስመዝግባለች። ተቆጣኋት። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው የመጽሐፍ ነው፣ ቤዝቦልን ከጡት ጋር በጠቡ ሰዎች ፊት ምን ልታስደርጊያቸው ነው አልኳት። አባቴ ግን ስልክ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ብላክቦርድ አለ ወይ?

ያን ጊዜ ገባኝ። አገር ከለቀቁ ጀምሮ ክፍል ፊት ቆመው አያውቁም። ሠላሳ ዓመት መምህር የተባሉ ሰው እዚህ ከመጡ ወዲህ የሚታወቁት በመኪና ማቆሚያ ትኬት ነው። ለአንድ ሰዓት መምህር ሊሆኑ ነው። ቢሳቅባቸው ምን ይውጠኛል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡሴን ነዳሁ።

ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ሳመጣቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በደረት ኪሳቸው ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ሰክተው ነበር። ላይብረሪው ውስጥ ሃያ ያህል ሰው ተቀምጧል። ሁለት ሰዎች ቀደሟቸው፤ ሁለቱም የየመቺያቸውን ውጤት እየጠሩ የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል ተባባሉ። የአባቴ ተራ ሲደርስ ነጩ ሰሌዳ ፊት ቆሙና በዚያ በቀስታ በሚናገሩት እንግሊዝኛ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ ተቀመጡ አሉ። ሁሉም ተቀምጦ ነበርና ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልደነገጡም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ልክ እንደ ድሮው።

የያዙት መቺ አገሩን በረገጡ በመጀመሪያው ዓመት በፓርኪንጉ ሬዲዮ የሰሙት አንድ ግራኝ ነው። ካርዱን ልጄ በፕሮጀክተር አሳየችላቸው። ስለ ሠላሳ ከመቶ አወሩ፣ ስለ ቀላልና ከባድ ፈተና አወሩ፣ ሰሌዳው ላይ የአንድ ክፍል ሮስተር ሠርተው ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩ። ያልተሟላው ክፍል ላይ ሲደርሱ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አጎታቸው በዚያ ዘመን ከግቢው ውጭ ከቆሙት አንዱ እንደነበሩ በኋላ ነገሩን። በመጨረሻ አባቴ ግራኙ ጋ ተመልሰው፣ ከባድ ፈተና፣ የተሟላ ክፍል፣ አንደኛ ብለው ደመደሙ። ተጨበጨበ። እኔ በመዳፌ ሳይሆን በሙሉ ክንዴ ነው ያጨበጨብኩት።

ያኔ ፖስታ አዳዩ እጃቸውን አወጡ። ጭናቸው ላይ የጡብ ያህል ወፍራም የውጤት መጽሐፍ አለ። በጣም አክብረው፣ እያዘኑም ጭምር ተናገሩ። ትምህርቱ ከሰሙት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ነገር ግን በመጽሐፉ መሠረት ግራኙ ያን ዓመት አንደኛ አልነበረም። ሁለተኛ ነው።

አባቴ ፈገግ አሉ። የመጽሐፉ ስሕተት ይሆናል፤ እኔ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ አሉ። አንዱ ከኋላ ሳቁን ለመደበቅ ሳል አስመሰለ። ያ ሳል እሳት ሆኖ ገባብኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበርና ያንን ዓመት ልፈልግ ገለጥኩት። ገጹ በቀይ ድርብ መስመር ተዘግቷል። የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው ቀን ጳጉሜ አምስት ነው። ገለጥ ሳደርግ አዲስ ገጽ፣ አዲስ ዓመት፣ መስከረም አንድ።

ወዲያው ገባኝ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚገባው ሰውም አልነበረም። ለአባቴ ዓመት የሚያልቀው ጳጉሜ ላይ ነው። ለመምህር ደግሞ መስከረም የገባ ውጤት የሚቀጥለው ክፍል ነው፤ ያለፈው ሮስተር ተዘግቷል። ቤዝቦል ግን በእኛ መስከረም ሦስት ሳምንት ያህል ይጫወታል። የነዚያን ሳምንታት ምት አባቴ በየዓመቱ እየቆረጡ፣ ለሚመጣው ዓመት ሲያሻግሩ ኖረዋል። ሃያ ምናምን ዓመት፣ ሁሉም ገጽ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሮስተር ላይ ተሳሳቱ! የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ውስጤ ብድግ አለች። ከዚያ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሰሌዳ እስክሪብቶውን እንደ ጠመኔ በሦስት ጣት ይዘው ቆመዋል። ደስታዬ ከመቼው በረደ። ደብተሩን ክድን አድርጌ፣ አንዳንዱ መጽሐፍ በሌላ መንገድ ይቆጥራል ልላቸው እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? አባቴ ግን ፊቴን ማንበብ የጀመሩት እኔ ፊደል ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ነው።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«አባዬ፣ እነሱ ዓመቱን የሚዘጉት መስከረም ሃያ ገደማ ነው። እርስዎ ጳጉሜ ላይ ዘግተውታል።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መለሱ። ወደ ደብተሩ አላዩም። ወደ ፖስታ አዳዩ ዞረው የቀሩትን የሦስት ሳምንታት ውጤት እንዲያነቡላቸው ጠየቁ፤ የግራኙንና መጽሐፉ አንደኛ ያለውን የዚያን የሌላውን ሰው። ሽማግሌው እያነበቡ፣ አባቴ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ልጄ በስልኳ ትደምራለች። አባቴ ቀድመዋት ጨረሱ። ግራኙ መጨረሻ ላይ ደክሞ ኖሯል፤ ሌላው ለጥቂት፣ ለፀጉር ያህል አልፎታል።

ቀዩን እስክሪብቶ መዝዘው ካርዱ ላይ «አንደኛ» የሚለውን ሊሰርዙ ሲሉ ቆም አሉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ካርድ ዋጋ የለውም፤ ይህ በትምህርት ቤታችን ሕግ ነበር። ልጄን ባዶ ካርድ ጠየቋት። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ ሃያ ሰው እያየ፣ ካርዱን ከስሙ ጀምረው እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ። ያችን ግራ ቀኝ የማትል ጽሕፈታቸውን አልቸኮሉባትም። አንድ ሰው እንኳ አላሳለም። ደረጃ የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለተኛ ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ተነሥተው ቆሙ። ስሕተቱ የመምህሩ ነው፣ ተማሪው ጥፋት የለበትም አሉ። የመምህሩን ስሕተት ላገኘ ተማሪም በክፍላቸው ነጥብ እንደሚጨመርለት ተናግረው ፖስታ አዳዩን አስጨበጨቡላቸው።

«እኔ በነበርኩበት ጊዜ ይህ ሕግ አልነበረም» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ። ሰሙኝ መሰለኝ፣ የከንፈራቸው ጥግ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠርግ ነበር። አንዲት አሮጊት ለምን በመስከረም ዓመት እንደሚለወጥ ጠየቋቸው፤ አባቴ አሥራ ሦስቱን ወር ሰሌዳው ላይ ደረደሩት። ሳል ያስመሰለው ሰውዬ ለራሱ መቺ ካርድ እንዲጻፍለት ተሰለፈ፤ አባቴ በጠባይ ስንት ልስጠው ብለው ጠየቁት፣ ቢ ይሻላል ተባባሉ። ልጄ የያዘችው ካርድ ሁሉ አለቀ። ፖስታ አዳዩ በሚቀጥለው ወር መጽሐፋቸውን ይዘው እንደሚመጡ፣ አባቴም ደብተራቸውን ይዘው፣ የሃያ ምናምኑን ዓመት ጳጉሜ አንድ በአንድ አብረው እንደሚያርሙ ተቀጣጠሩ። «ሥራ በዛብኝ» አሉኝ ኮታቸውን ስደርብላቸው። እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ልንመልሳቸው ወደ አሌክሳንድሪያ ስንነዳ ከጎኔ ተቀምጠው አዲሱን ካርድ ያያሉ። ልጄ ከኋላ ሆና ስልኳን ትነካካለች። መንገዱ ክፍት ነበር፣ የምንሻገረው ወንዝ ላይ ፀሐይ አለ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ነኝ ዝም ማለት ያቃተኝ።

«ለግራኙ አዘኑለት አይደል?» አልኳቸው። «ለእኔ ግን አንድ ቀን አላዘኑልኝም። በሁለቱም ቦታ ፈረሙብኝ።»

ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቁኝም። አርባ ዓመት ያለፈው ካርድ በእሳቸውም ልብ ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ ዐወቅኩ።

«ከላይ የፈረመው መምህርሽ ነው» አሉ። «እሱ ሁለተኛ አለሽ፤ ልክ ነበር። ከታች የፈረመው ሰው ግን አንድም ቀን ሁለተኛ ብሎሽ አያውቅም።»

ቀጥ ብዬ መንገዱን አየሁ። አየሁ ልበል እንጂ ብዙም አይታየኝም ነበር፤ ዓይኔ ሞልቶ፣ ሳቄም መጥቶ፣ ሁለቱን በአንድ እጄ ስጠርግ መሪውን በሌላው ይዣለሁ።

«ማም» አለች ልጄ ከኋላ፣ «ዛት ዋዝ አወር ኤግዚት።»

አባቴ በመስኮቱ ያለፍነው መውጫ ወደ ኋላ ሲሄድ አዩት። ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ሰኩት።